ከጉባኤ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ፤ የተማሪ ጠባቂ እንዴት ይሠለጥን እንደ ነበረ

ስለ ትምህርት የተጻፈውን የአገራችንን ታሪክ ብንመረምር፥ ስለ መምህሩና ስለ ደቀ መዝሙሩ ብዙ ተነግሮ እናገኛለን። መምህሩ ምን እንዳስተማረ፥ ደቀ መዝሙሩም ምን ተምሮ ለምን ማዕርግ እንደ በቃ ተመዝግቧል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል የቆመ አንድ ሦስተኛ ሰው አለ። ይኸውም ተማሪው የዕለቱን ትምህርት ጨርሶ ወደ ማደሪያው በተመለሰ ጊዜ የሚቀበለው፥ ሲታመም የሚያስታምመው፥ ሲጣላ የሚያስታርቀው፥ ሆድ ሲብሰው የሚያጽናናው ሰው ነው። በዛሬው አጠራር የተማሪዎች ዲን፥ አማካሪ፥ የምግብ ቤት ተቆጣጣሪ፥ ይልቁንም ፕሮክተር እንለዋለን። ስለዚህ ሰው የተጻፈው ጥቂት ነው፤ እርሱን ለማሠልጠን የታሰበው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ ለመከተልና፥ ብዙ ገንዘብ ሳይፈስስ ሙያው እንዴት ሊዳብር እንደሚችል ካለፈው ዘመን ለመማር እንሞክራለን።

ነገሩን ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ ለመጀመር፥ ከአንዲት ትንሽ የሰሜን ሸዋ ከተማ እንነሣ። መዘዞ ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ፥ በደጋው ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ብርዷ የጠና፥ አገሩም የገብስና የባቄላ አገር ነው። ወደ ደጋው ጫፍ ወጥቶ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የይፋት ቆላ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ይታየዋል። የመዘዞ ስም በውጭ አገር ገበያ የታወቀው በ1986 ዓ.ም. ገደማ በአካባቢዋ በተገኘው ኦፓል በሚባለው የከበረ ድንጋይ ምክንያት ነው። ይህ ድንጋይ ቡናማ መልክ ባለው ድቡልቡል አለት ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል፤ አለቱ በተከፈለ ጊዜ የቀስተ ደመና ቀለም ይፈነጥቃል። ይሁን እንጂ የድንጋዩን ጠባይ የሚያውቁ ሁሉ እንደሚናገሩት፥ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው ብዙ ነው። ስለዚህ የመዘዞን ኦፓል ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ይዞ ማቆየት ግን ሌላ ሙያ ነው።

ከዚህችው ከተማ የሚወጣውም ልጅ እንዲሁ ነው። የመልቀቂያውን ፈተና አልፎ ወደ ተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ፥ እናቱ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ፥ አባቱ ለመንገዱ ገንዘብ ተበድሮ ይሸኙታል። ዕድል ከረዳው ደብረ ብርሃን ይደርሰዋል፤ ካልረዳው ቋንቋውንም አየሩንም ወደማያውቀው አገር ይመደባል። በመጀመሪያይቱ ማታ የሚያገኘው ሰው ፕሮፌሰሩ አይደለም። ቁልፍና ፍራሽ የሚያስረክበው ፕሮክተር ነው። ይህ ሰው «አንተ ልጅ፥ ወረቀትህ የታለ?» ብሎ ቢጀምር አንድ ነገር ነው፤ «ወንድሜ፥ እራት በልተሃል ወይ?» ብሎ ቢጀምር ግን ሌላ ነገር ነው። በነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት የጠባይ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ የሥልጠናም ልዩነት ነው። እንግዲህ ይህን ሰው ማን አሠለጠነው? በምንስ ወጪ?

የጉባኤ ቤቱ አጋፋሪ

በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪው ፊደልና ንባብ ከጨረሰ በኋላ ለከፍተኛው ትምህርት አገር ለቅቆ መሄድ ነበረበት። ድጓ ለመማር ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፥ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር፥ ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃምና ወደ ዋድላ ይጓዝ ነበር። የሸዋም ልጅ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በእግሩ ብዙ ቀን ተጉዞ ይደርስ ነበር። ምግቡን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከየደጃፉ ለምኖ ያገኛል፤ ማደሪያውንም የሣር ጎጆ ራሱ ይቀልሳል።

አንድ መምህር በዙሪያው እጅግ ብዙ ተማሪ ሰብስቦ ሲያስተምር፥ የያንዳንዱን ጎጆ እየዞረ ሊጎበኝ አይችልም ነበር። ስለዚህ ከተማሪዎቹ መካከል በዕድሜና በዕውቀት የበሰሉት ለአስተዳደሩ ይመረጡ ነበር። ስሙ ከቦታ ቦታ ቢለያይም አጋፋሪ ወይም ሊቀ ረድእ የሚባለው ሹም እንግዳውን ተማሪ ይቀበላል፤ ጎጆ እስኪሠራ ድረስ ከነባር ተማሪ ጋር ያስጠጋዋል፤ የታመመውን ማን እንደሚያስታምመው፥ ለታመመውም ማን እንደሚለምንለት ይመድባል፤ የተጣሉትን ያስታርቃል፤ ነገሩ ከአቅሙ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ወደ የኔታ ያቀርባል።

ለዚህ ሰው የሥልጠና በጀት የሚባል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ሳይሠለጥን ተሾመ ማለት አይደለም። ሥልጠናው ሦስት ደረጃ ነበረው ለማለት ይቻላል። በመጀመሪያ ራሱ እንግዳ ተማሪ ሆኖ የእንግድነትን ጭንቅ ቀምሷል። ቀጥሎ ለትልልቆቹ እየታዘዘ እንጨት ሲለቅምና ውሃ ሲቀዳ፥ ጠብ እንዴት እንደሚበርድና ሐዘንተኛ እንዴት እንደሚጽናና በዓይኑ አይቷል። በመጨረሻም በትንሽ ነገር ተሞክሮ፥ ጓደኞቹ መስክረውለት ተሹሟል። መታዘዝን ያላወቀ ማዘዝ አይገባውም የሚለው አሳብ በሥርዓቱ ውስጥ የተተከለ ነበር።

ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ እንደ ገነት ለመሣል አይደለም። በጉባኤ ቤት ትልቁ ታናሹን መበዝበዙ፥ ለጥቂቱ ጥፋት ብዙ መገረፉ የተለመደ ነበር። ተስቦ በገባ ጊዜ ከመጸለይና ውሃ ከማቀበል በቀር ሌላ መድኃኒት አልነበረም፤ ወላጆቹ ሞቱን እንኳ ሳይሰሙ በሰው አገር የቀረ ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ ከዚያ ሥርዓት የምንወስደው በትሩን ሳይሆን መንገዱን ነው።

የጀበርቲዎች ሪዋቅ

ከመዘዞ ደጋ ቁልቁል የሚታየው ይፋት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን የዐረብ ጸሐፊዎች ይፋትን ጀበርት በሚል ስም ጭምር ይጠሩት ነበር። ከዚያና ከአካባቢው የሚሄዱ እስላም ተማሪዎችም በካይሮ በታላቁ አል አዝሐር መስጊድ ጀበርቲዎች ተብለው ይታወቁ ነበር። በአል አዝሐር ተማሪዎች እንደ መጡበት አገር እየተከፈሉ የሚያድሩበት ክፍል ሪዋቅ ይባላል፤ የኛ አገር ሰዎችም የራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው። ሪዋቁ በአንድ ሼህ ይተዳደራል፤ ለተማሪዎቹ የተመደበው እንጀራም በርሱ በኩል ይታደላል። ሼሁ የተማሪዎቹን አገርና ልማድ የሚያውቅ የራሳቸው ወገን ነበር። ስመ ጥሩው የግብፅ የታሪክ ጸሐፊ አብዱራሕማን አል ጀበርቲ፥ እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1825 የኖረው፥ የዚህ ሪዋቅ ሼሆች ከነበሩ አባቶች የተወለደ ነው።

እንግዲህ በደጋው ክርስቲያኑ፥ በቆላው እስላሙ፥ አንዱ ከሌላው ሳይማከር ወደ አንድ አሳብ መድረሱን ልብ ማለት ይገባል። ሁለቱም ከአገሩ ርቆ የሚማር ልጅ ከመምህር ሌላ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ዐውቀዋል። ሁለቱም ጠባቂውን ያገኙት ከዚያው ከተማሪው ማኅበር ውስጥ ነው።

አዳሪ ትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ

ዘመናዊ ትምህርት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተጀመረ፥ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ፥ አዳሪ ተማሪ የሚባል አዲስ ወገን ተፈጠረ። ይህ ተማሪ ምግቡን አይለምንም፤ ጎጆም አይቀልስም፤ መንግሥት ያበላዋል፥ ያለብሰዋል። ለችግሩ ግን የሚደርስለት እንደ ጥንቱ ነባር ጓደኛው መሆኑ ቀርቶ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ሆነ። ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. መቶ በማይሞሉ ተማሪዎች ሲጀመር፥ አስተዳደሩ የተሰጠው ለካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማትና ለባልንጀሮቻቸው ለኢየሱሳውያን ነበር። እነዚህ ሰዎች ወጣቶችን በአዳሪነት የማሳደግ ልማድ ከማኅበራቸው ይዘው የመጡ ናቸው። ተማሪውም ጥቂት ስለ ነበረ እያንዳንዱን በስሙ ማወቅ ይቻል ነበር። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ነጻ የትምህርት ዕድል የተሰጣቸው የኬንያ፥ የዩጋንዳና የሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች ገብተው ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አብረው መኖር ጀመሩ። የመኝታ ቤቱ ጠባቂ ያን ጊዜ የአህጉር እንግዳ ተቀባይ ሆነ ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመረቅ፥ ከአሜሪካ የመጣው ልማድ እየበረታ ሄደ። በአሜሪካ የተማሪ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት መግለጫ፥ ተማሪው እንደ ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን እንደ ሙሉ ሰው መታየት እንደሚገባው ያስተምራል፤ አካሉ፥ ስሜቱ፥ ኑሮው፥ የወደፊት ሥራው ሁሉ የትምህርት ቤቱ ኀላፊነት ነው ይላል። ይህ አሳብ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ የጉባኤ ቤቱ አጋፋሪ በቃል ሳይጽፈው ሲሠራበት ኖሯል። ልዩነቱ አሜሪካውያኑ ጽፈው፥ ኮርስ አድርገው፥ ለተተኪ ማስተማራቸው ነው።

ይሁን እንጂ የዘመኑ ነፋስ ለዚህ ሙያ አልተመቸውም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ በተሞከረ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ጮኹ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱም ወታደሮች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተኩሰው የተማሪዎች ደም ፈሰሰ። በነዚህ ዓመታት የተማሪ ጉዳይ ሹም የቆመበት ቦታ እጅግ የጠበበ ነበር፤ ወደ መንግሥት ቢጠጋ ተማሪው ሰላይ ይለዋል፥ ወደ ተማሪው ቢጠጋ መንግሥት አባሪ ይለዋል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ መቈጣጠርን ብቻ የተማረ ሰው ጠብ በተነሣ ቀን ሽማግሌ ሊሆን አይችልም። ሽምግልና በሰላሙ ቀን የሚጠራቀም እምነት ነውና።

በዚያው ዘመን የተሠራ አንድ መልካም ነገር ግን ሳይነሣ ማለፍ የለበትም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹ መምህራን ሆነው በየአውራጃው ሲመደቡ፥ የከተማው ልጅ የገጠሩን ተማሪ ኑሮ በዓይኑ አየ። ለአንድ ወጣት ሌላውን የመንከባከብን ሙያ የሚያስተምር ከዚህ የረከሰና የጠለቀ መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። ሰሜን ሸዋም በዚህ ረገድ ባዳ አልነበረችም፤ በደብረ ብርሃን የነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ለገጠር መንደሮች የሚሆኑ መምህራንን ያወጣ ነበርና።

የዛሬው ፕሮክተር

በ1983 ዓ.ም. ዛሬ ኢትዮጵያ በምንለው ክልል የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩት አንዱ ነው። ለመዘዞ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ቤት ሆነ። ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው።

ነገር ግን ሕንፃው በቆመበት ፍጥነት ሰው አልተሠራም። ለመምህራኑ ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከፍተኛ ዲፕሎማ የሚባል የማስተማር ሥነ ዘዴ ፕሮግራም ተዘርግቷል። ይህ ፕሮግራም መምህሩን ከሥራው ሳያፈናቅል በዚያው በግቢው ውስጥ፥ በባልንጀሮቹ መሪነት ስለሚያሠለጥን ወጪው ቀላል ነው። ፕሮክተሩና የምግብ ቤቱ ተቆጣጣሪ ግን በዚህ ፕሮግራም የታሰቡ አልነበሩም። ለነርሱ ሥልጠና ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «በጀት የለም» የሚል ነው፤ በጀት የተገኘ እንደ ሆነም ሥልጠናው በሩቅ ከተማ ሆቴል ለሁለት ቀን ተደርጎ፥ የውሎ አበሉ ከትምህርቱ በልጦ ይቀራል።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን በ2012 ዓ.ም. አየነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ወሬው በተሰማ ሌሊት ከተማሪዎቹ መካከል የነበረው ሰው ማን ነው? ዲኑ ከመንቃቱ፥ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት በሩ ላይ የቆመው ፕሮክተሩ ነው። ፍራሽ መቍጠር ብቻ የተማረ ሰው በዚያች ሰዓት ምን ያድርግ? በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ በደረሰ ጊዜ መዘዞም ከሥቃዩ አልተረፈችም። ያን ያየ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከበሶው ጋር ሌላ የማይታይ ሸክም ይዞ ነው። ሌሊት የሚባንነውን፥ ከሰው ተለይቶ የሚቀመጠውን ልጅ ቀድሞ የሚያየው አሁንም ያ ፕሮክተር ነው።

በአንጻሩ ደግሞ በዚያው በ2012 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የከተማው ቤተሰቦች ከሩቅ የመጡትን ተማሪዎች እንደ ልጅ ተቀብለው እንዲያስጠጉ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባለውን ሥርዓት ጀመረ። ተማሪው በበዓል ቀን የሚሄድበት ቤት፥ እናቴ የሚላት ሴት አገኘ። ለዚህ የተፈለገው ትልቅ ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት አሳብ ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» ያለውን ተማሪ ከደጃፉ የማይመልሰው ሕዝብ እንደ ገና በሌላ መልክ ተጠራ ማለት ነው።

ከታሪኩ የምንወስደው

ከዚህ በላይ የተገለጠውን ስናጠቃልል፥ ያለ ብዙ ወጪ ሊሠሩ የሚችሉ አራት ነገሮች ይታዩናል።

አንደኛ፥ አዲሱ ሠራተኛ ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ለጥቂት ወራት ከአንድ ነባርና የተመሰከረለት ሠራተኛ ሥር ይዋል። አጋፋሪው የሠለጠነው እንዲህ ነው። ለዚህ ከነባሩ ሠራተኛ ትዕግሥትና ከአለቃው ምስጋና በቀር ሌላ ክፍያ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፥ ሠራተኞቹ በሳምንት አንድ ጊዜ ተሰብስበው በሳምንቱ ስለ ገጠማቸው አንድ ጉዳይ ይወያዩ። የልጁ ስም ሳይነሣ፥ ምን እንደ ተደረገና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይነጋገሩ፤ መልካም የተባለውም በመዝገብ ይጻፍ። የአባቶቻችን ሙያ ብዙው የጠፋው ሳይጻፍ በመቅረቱ ነው። አንድ ደብተርና አንድ ሻይ የዚህ ሥልጠና ወጪ ናቸው።

ሦስተኛ፥ ዩኒቨርሲቲው በገዛ ቤቱ ያለውን ዕውቀት ይጠቀም። የሥነ ልቡና መምህሩ የተጨነቀን ልጅ መለየትን፥ የሕግ መምህሩ የተማሪን መብትና የዲሲፕሊን ሥርዓትን፥ የጤና ባለሙያው የመጀመሪያ ርዳታን ሊያስተምሩ ይችላሉ። ከቤት ያለውን ሊቅ ትቶ ከውጭ አሠልጣኝ በውድ መቅጠር፥ ምንጭ በጓሮ እያለ ከወንዝ ውሃ እንደ መግዛት ነው።

አራተኛ፥ ጎረቤታሞች ይተባበሩ። ደብረ ብርሃን፥ ወሎና ሰላሌ እርስ በርሳቸው ሩቅ አይደሉም። ብዙው ተማሪ ወደ አገሩ በሚሄድበት በክረምት የአንዱ መኝታ ቤት ለሌላው ሠራተኛ ማደሪያ ይሁን፤ በየዓመቱም ተራ ይግቡ። የአገራችን መምህራን በክረምት ትምህርት ተሻሽለው ብዙ ደረጃ ላይ ደርሰዋል፤ የተማሪ ጠባቂው ከዚያ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ የድኻ መላ ነው፥ ሙያ የሚገኘው በዲግሪ ነው ይል ይሆናል። እኛም ዲግሪውን አንንቅም፤ የከበደ ሕመም ያለበት ተማሪ የሠለጠነ ሐኪምና አማካሪ ያስፈልገዋል፤ ይህን ነባር ጓደኛም ሆነ ደግ ፕሮክተር ሊተካው አይችልም። ነገር ግን ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም የሚያደርሰው መጀመሪያ ሕመሙን ያስተዋለ ሰው ነው። ማስተዋልን የሚያስተምረው ደግሞ ልምድ፥ ምክርና ውይይት ነው፤ እነዚህም በርካሽ የሚገኙ፥ ነገር ግን በቸልታ የሚጠፉ ሀብቶች ናቸው።

የመዘዞ ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ ውበቱን ይዞ ይወጣል። መሰንጠቁና አለመሰንጠቁ ግን ከወጣ በኋላ የሚታወቅ ነገር ነው። የመዘዞ ልጅም ፈተናውን አልፎ ሲመጣ ብልህነቱን ይዞ መጥቷል፤ ወላጆቹ፥ መምህራኑና መንደሩ የድርሻቸውን ፈጽመዋል። የቀረው በመጀመሪያይቱ ማታ በሩን የሚከፍትለት ሰው ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤታችንና በየግቢያችን ያለን ሁሉ፥ ያ ሰው «ወንድሜ፥ እራት በልተሃል ወይ?» ብሎ እንዲጀምር የምናስተምርበትን መላ ለነገ ሳንል ልናስብ ይገባናል።